የሕንድ ሙስሊሞች፦ ሕገ መንግሥቱ ባለበት ቆሞ ቦታቸው እንዴት ጠበበ?

የሕንድ ሕገ መንግሥት ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሃይማኖት ነፃነትን ከደነገጉት አንቀጾች አንዱም አልተሰረዘም። አንቀጽ 14 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 25 ማንም ያሻውን እምነት እንዲይዝና እንዲያስፋፋ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 30 መሠረት ደግሞ አናሳ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተዳደር ይችላሉ። በ2011 ቆጠራ የአገሪቱ ሙስሊሞች 172 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከሕዝቡ 14.2 ከመቶ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ቀጣዩ ለ2027 ተቀጥሯል።

ከዚህ ጎን ሌላ ቁጥር እናስቀምጥ። 543 መቀመጫ ባለው የታችኛው ምክር ቤት (ሎክ ሳባ) በ2024 ምርጫ የገቡት ሙስሊሞች 24 ብቻ ናቸው። አገሪቱን የሚመራው ባራቲያ ጃናታ ፓርቲ (ቢጄፒ) በዚያ ምክር ቤት አንድም ሙስሊም አባል የለውም። ከጁላይ 2022 ጀምሮም በማዕከላዊው መንግሥት ሙስሊም ሚኒስትር የለም። ሕጉ ሳይነካ እዚህ እንዴት ተደረሰ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የሂንዱ አክራሪነት ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹን ታሪክ ይተወዋል። አክራሪው ያለፈበትን በር ሴኩላር (ለአንድም ሃይማኖት የማናዳላ) ነን የሚሉ ፓርቲዎች ራሳቸው ከፍተውታል። ዛሬ ሙስሊሙን የሚያስጨንቀውም ከታላላቅ አዋጆች ይልቅ የምርጫ ስሌት፣ የወረዳ ዳኛ ትዕዛዝ፣ የማስረጃ ወረቀትና የማዘጋጃ ቤት ማስጠንቀቂያ ነው።

መንግሥት ከማን ጋር ይነጋገራል?

ሕንድ የያዘችው ሴኩላሪዝም መንግሥት ከሃይማኖት ጨርሶ የሚርቅበት የፈረንሳይ ዓይነት አይደለም። በብዙ ክፍለ ግዛቶች መንግሥት ትልልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደሶችን በቦርድ ያስተዳድራል። እስከ 2018 ድረስ ለሐጅ ተጓዦች ድጎማ ይከፍል ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን ለየሃይማኖቱ ሕግ ትቷል። ለሙስሊሞች የሚሠራው በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን፣ በ1937፣ የወጣው የሸሪዓ ተፈጻሚነት ሕግ ነው። ፓርላማው በ1955 እና በ1956 የሂንዱን የጋብቻና የውርስ ሕግ አሻሽሎ ሲያወጣ የሙስሊሙን አልነካም። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የጃዋሃርላል ኔሩ ምክንያት የሚገባ ነበር። ሕንድና ፓኪስታን በተለያዩበት በ1947ቱ ክፍፍል እጅግ ብዙ ሰው ካለቀና ሚሊዮኖች ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፣ በአገሩ የቀረው ሙስሊም ሕጉን በግድ ሊቀይሩበት እንደሆነ እንዳይሰጋ ነው። ለሁሉም አንድ ወጥ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይውጣ የሚለው ሐሳብ በአንቀጽ 44 ገባ፤ ሆኖም ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው በማይችል የአቅጣጫ ድንጋጌ መልክ ነው።

መዘዙ ከባድ ሆነ። መንግሥት ከሙስሊም ዜጎች ጋር በቀጥታ ከመነጋገር ይልቅ በእነሱ ስም ከሚናገሩ ዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ጋር መነጋገር ለመደ። በ1973 የተቋቋመው የመላ ሕንድ ሙስሊም የግል ሕግ ቦርድ በማንም ድምፅ የተመረጠ አይደለም፤ ግን የሙስሊም ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው።

የሻህ ባኖ ጉዳይ የዚህን አሠራር ውስጠኛ ክፍል ያሳያል። የኢንዶር ከተማ ነዋሪ የነበሩት አዛውንት ሴት ሻህ ባኖ ከአርባ ዓመት በላይ በትዳር ከኖሩ በኋላ ጠበቃ ባለቤታቸው ከቤት አስወጣቸው። እሳቸውም በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 125 መሠረት ቀለብ ጠየቁ፤ ባልየው ክርክሩ ሳያልቅ ፈታቸው። ይህ አንቀጽ ሃይማኖት አይለይም ነበር፤ ዓላማው የተጣለች ወይም የተፈታች ሴት ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ ማድረግ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በወር 179 ሩፒ ከ20 ፓይሳ ወሰነላቸው፤ በኤፕሪል 1985 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። ዳኞቹ እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ጉዳዩ በሕግ ባለሙያዎች መካከል ይቀር ነበር። እነሱ ግን ከአንቀጽ 125 አልፈው ቁርዓንን ወደ መተርጎም ገቡ፤ አንድ ወጥ ሕግ አለመውጣቱንም ወቀሱ። ዑለማው ይህን ይዘው ሰልፍ ጠሩ።

የጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ መንግሥት መጀመሪያ ፍርዱን ደገፈ፤ ሚኒስትሩ አሪፍ መሐመድ ካን በፓርላማ ቆመው ተከራከሩለት። በዲሴምበር 1985 ገዢ ፓርቲያቸው ኮንግረስ በማሟያ ምርጫዎች ሲሸነፍ ግን አቋሙ ተገለበጠ። በ1986 የወጣው ሕግ የባልን ግዴታ በዒዳ ጊዜ፣ ማለትም ከፍቺ በኋላ ባለው ሦስት ወር ገደማ፣ የሚገድብ ሆኖ ተጻፈ። ሚኒስትሩም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሕጉ ገና በዝግጅት ላይ ሳለ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1986፣ ሂንዱዎች የአምላካቸው የራም የትውልድ ስፍራ ነው በሚሉት በአዮዲያው የባብሪ መስጊድ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ እንዲከፈት አንድ የወረዳ ዳኛ አዘዙ። ትዕዛዙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተፈጸመ። የሕንድን ፍርድ ቤቶች ቀርፋፋነት ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍጥነት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ለአንዱ ወገን አጥባቂ ሕግ፣ ለሌላው ወገን አክራሪ በር ተሰጠ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀጣዩ ክፍል ነው። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1986ቱን ሕግ ሲተረጉም፣ ባል በዒዳ ጊዜ ውስጥ መክፈል ያለበት የሴቲቱን የወደፊት ሕይወት የሚበቃ ተመጣጣኝ ድርሻ ነው አለ። የተፈቱ ሴቶች መብት በጸጥታ ተመለሰ። ፖለቲካው ግን አልተመለሰም። የቢጄፒው ኤል ኬ አድቫኒ የኮንግረስ ሴኩላሪዝም የውሸት ነው፤ ሙስሊሞችን ማባበያ ነው እያሉ አገር ዞሩ። ፓርቲያቸው በ1984 የነበረው 2 መቀመጫ በ1989 ወደ 85፣ በ1991 ወደ 120 አደገ።

ተባበሉ የተባሉት ሙስሊሞች ምን አገኙ? በጡረታ ዳኛው ራጂንደር ሳቻር የተመራው ኮሚቴ በኖቬምበር 2006 ያቀረበው ሪፖርት ይመልሰዋል። በወቅቱ ከሕዝቡ 13.4 ከመቶ የነበሩት ሙስሊሞች በከፍተኛው ሲቪል አስተዳደር 3 ከመቶ፣ በውጭ ጉዳይ አገልግሎት 1.8 ከመቶ፣ በፖሊስ መኮንንነት 4 ከመቶ ነበሩ። የተባበለው የቦርዱ ሸንጎ ነው፤ የልብስ ሰፊውና የሪክሾ ነጂው ልጅ ትምህርት ቤትም ሥራም አላገኘም።

የብዙኃኑ አክራሪነት አሠራር

ራሽትሪያ ስዋያምሴቫክ ሳንግ (አርኤስኤስ) በ1925 በናግፑር ተመሠረተ። ማህተማ ጋንዲ በጃንዋሪ 1948 ሲገደሉ ለጊዜው ታግዶ ነበር። ራሱ ለምርጫ አይወዳደርም። ሥራው በየሰፈሩ በሚደረግ መደበኛ ስብሰባ አባላትን ማነፅ ነው፤ የተማሪው፣ የሠራተኛው፣ የሃይማኖት መሪው ማኅበር ከዚያ ይቀጥላል። በ1980 የተመሠረተው ቢጄፒ የዚህ ቤተሰብ የፖለቲካ ክንፍ ነው። የአስተሳሰቡ ምንጭ የሆኑት ቪናያክ ዳሞዳር ሳቫርካር በ1920ዎቹ ያስቀመጡት መስፈርት ቀላል ነው፦ ሂንዱ ማለት ሕንድ የአባቶቹ አገርም፣ ቅድስት ምድሩም የሆነችለት ነው። በዚህ መስፈርት መካን ወይም ኢየሩሳሌምን የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ግማሽ ዜጋ ነው። ሳቫርካር ራሳቸው አምልኮ የሚያጠብቁ ሰው አልነበሩም። ይህን አክራሪነት በሃይማኖት ትምህርት መልስ ለመስጠት የሚሞክር ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ክርክሩ ስለ አምላክ ሳይሆን አገሩ የማን ነው የሚል ነው።

ዲሴምበር 6 ቀን 1992 የባብሪ መስጊድ ሲፈርስ፣ አዮዲያ የምትገኝበት የኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ዋና ሚኒስትር ካልያን ሲንግ መንግሥት ሕንፃውን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉን ባለመጠበቃቸው የተፈረደባቸው የአንድ ቀን እስርና የ2,000 ሩፒ መቀጮ ነው። በተከተለው ብጥብጥ ወደ 2,000 ሰው ሞተ። ኖቬምበር 9 ቀን 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1949 በመስጊዱ ውስጥ ጣዖት ማስገባቱም፣ በ1992 ማፍረሱም ሕገ ወጥ ነበር አለ፤ ቦታውን ግን ለሂንዱ ወገን ሰጠ፤ ለሙስሊሞች ሌላ ስፍራ 5 ኤከር እንዲሰጣቸው አዘዘ። በ2020 በማፍረስ የተከሰሱት 32 ሰዎች በሙሉ በነፃ ተለቀቁ። ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ራሳቸው በአዲሱ ቤተ መቅደስ ምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝተው መሩ።

የሕዝብ ለሕዝብ ግጭት የሚባለው ነገር በሕንድ ብዙ ጊዜ በድንገት አይፈነዳም፤ ተራ በተራ የሚሄድ ነው። የበዓል ሰልፍ በመስጊድ ፊት እንዲያልፍ መንገዱ ይቀየራል፤ ወይም መንገዱ እየታወቀ ፖሊስ ፈቃድ ይሰጣል። ድምፅ ማጉያ ላይ ስድብ ይለቀቃል። ከአንድ ወገን ድንጋይ ይወረወራል። ቪዲዮው ከመነሻው ተቆርጦ ይሰራጫል። ፖሊስ ይዘገያል፤ ሲደርስ የመጀመሪያውን የክስ መዝገብ «ባልታወቁ ሰዎች» ስም ይከፍታል፤ ምስክር ስለሚያስፈራሩት ይቀራል። በ2002 በጉጃራት፣ 59 ሰው የሞተበት የጎድራ ባቡር ቃጠሎ ተከትሎ በተነሳው እልቂት መንግሥት ራሱ ያመነው የሟች ቁጥር 790 ሙስሊምና 254 ሂንዱ ነው። ከዋነኞቹ መዝገቦች አንዱ የመጀመሪያ ችሎት ላይ ምስክሮች ቃላቸውን ስለለወጡ ተከሳሾቹ ተለቀው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 ክርክሩ ከጉጃራት ወጥቶ በጎረቤት ማሃራሽትራ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። የችሎቱን ቦታ መቀየር ውጤቱን የቀየረ መሆኑ የት ላይ እንደሚበላሽ ይጠቁማል።

ከ2022 ወዲህ ደግሞ ቡልዶዘር ተጨመረ። በኤፕሪል 2022 በማድያ ፕራዴሽ ካርጎን እና በዴልሂ ጃሃንጊርፑሪ በበዓል ሰልፍ ግጭት ሲነሳ፣ በቀናት ውስጥ የሙስሊሞች ቤትና ሱቅ «ያለ ፈቃድ የተሠራ» ተብሎ ፈረሰ። ኖቬምበር 13 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ለማስቆም ዝርዝር መመሪያ ሰጠ። ባለቤቱ በአደራ ፖስታ ማስጠንቀቂያ ደርሶት 15 ቀን ይሰጠው። ቀርቦ ይሰማ። የማፍረስ ትዕዛዝ ከወጣም በኋላ ሌላ 15 ቀን ይጠበቅ። ማፍረሱ በቪዲዮ ይቀረፅ። መመሪያውን የጣሰ ሹም ካሳውን ከኪሱ ይክፈል። ጥሩ ፍርድ ነው። ቀዳዳው በልዩ ሁኔታው ላይ ነው፦ በመንገድ፣ በእግረኛ መሄጃ፣ በባቡር ሐዲድ ዳር ወይም በውኃ ዳር የተሠራ ሕገ ወጥ ግንባታ በመመሪያው አይሸፈንም። የድሃ ሰፈር ብዙው ቤት የሚገኘው ደግሞ እዚያው ነው።

ሌላው ጽንፍ

በሙስሊሙ ወገን ያለውን ጽንፈኝነት አሳንሶ ማሳየት ለማንም አይጠቅምም። በ1989 እና በ1990 በካሽሚር ታጣቂዎች የፈጸሙት ግድያና ማስፈራሪያ የሸለቆውን ሂንዱዎች፣ የካሽሚር ፓንዲቶችን፣ አብዛኞቹን አሰደደ። በ2008 ከፓኪስታን የመጡ የላሽካር ኤ ታይባ ታጣቂዎች በሙምባይ 166 ሰው ገደሉ። በ2010 በኬረላ የአንድ የኮሌጅ መምህር እጅ ነቢዩን ተሳድበሃል ተብሎ ተቆረጠ። ኤፕሪል 22 ቀን 2025 በፓሃልጋም 26 ሰው ሲገደል ገዳዮቹ ሃይማኖት እየጠየቁ ነበር። በፈረስ ጎብኚ ያጓጉዝ የነበረ የአካባቢው ሙስሊምም ከሟቾቹ አንዱ ነው። በማግሥቱ የካሽሚር ሱቆች በሐዘን ተዘጉ፤ በሌሎች ክፍለ ግዛቶች የሚማሩ የካሽሚር ተማሪዎች ግን ወከባ ደረሰባቸው። ገዳዮቹ የፈለጉትም ይህንኑ ነው፤ ጥቃቱ የሚያተርፈው ሕንዳዊው ሙስሊም በጎረቤቱ ሲጠረጠር ነውና። የዴኦባንድ ታላቁ የሃይማኖት ትምህርት ቤት በ2008 ሽብርን አውግዞ በይፋ አውጇል። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ወደ ኢራቅና ሶርያ የሄዱት ሕንዳውያንም እጅግ ጥቂት ናቸው።

የፀረ ሽብር ሕጉ አሠራር ግን ራሱን የቻለ ችግር ነው። በሕገ ወጥ ድርጊቶች መከላከያ ሕግ (ዩኤፒኤ) አንቀጽ 43ዲ(5) መሠረት ክሱ ላይ ላዩን እውነት የሚመስል ከሆነ ዳኛው ዋስትና መስጠት አይችልም። ችሎቱ ዓመታት ስለሚፈጅ ቅጣቱ ከፍርድ በፊት ተፈጽሞ ያልቃል። በ2006 በሙምባይ ባቡሮች ላይ በተጣለው ፈንጂ ከ180 በላይ ሰው ሞቶ ነበር። የተፈረደባቸውን 12 ሙስሊሞች የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጁላይ 21 ቀን 2025 ማስረጃ የለም ብሎ በነፃ አሰናበታቸው፤ አንዱ እስር ቤት ሞቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱ ለሌሎች ጉዳዮች እንደ አርአያ እንዳይጠቀስ አገደ እንጂ የተፈቱትን መልሶ አላሰረም። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጁላይ 31፣ በ2008 በማሌጋኦን ስድስት ሰው በሞተበት ፍንዳታ የተከሰሱት የሂንዱ ወገን ተከሳሾች በሙሉ እንዲሁ ተለቀቁ። ከእነሱ አንዷ ፕራግያ ታኩር በዋስ ሳሉ በ2019 በቢጄፒ ስም ፓርላማ ገብተዋል። የሁለቱም ፍንዳታ ሟቾች ቤተሰብ ዛሬ ገዳይ የለውም። ልዩነቱ አንዱ ወገን ጊዜውን በእስር ቤት፣ ሌላው ከፊሉን በምክር ቤት ማሳለፉ ነው።

የድምፅ ስሌት

የሕንድ ምርጫ በየወረዳው ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው የሚያሸንፍበት ነው። በ2014 ቢጄፒ በ31 ከመቶ ድምፅ 282 መቀመጫ ወሰደ። በየቦታው ተበትኖ የሚኖር 14 ከመቶ ሕዝብ በዚህ ሥርዓት በአብዛኛው ቦታ ብቻውን አያሸንፍም፤ የሌላ ድምፅ ያስፈልገዋል። በዚያው ምርጫ ከሕዝቧ 19 ከመቶ ያህሉ ሙስሊም በሆነባት፣ 80 መቀመጫ ባላት ኡታር ፕራዴሽ አንድም ሙስሊም አልተመረጠም። ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሁለት ሦስት ሙስሊም ዕጩ ሲያቆሙ የሙስሊሙ ድምፅ ይከፋፈላል፤ አንድ ሲያቆሙ ደግሞ ቢጄፒ የቀረውን በሃይማኖት ያሰባስባል። ስለዚህ ሴኩላር ፓርቲዎቹ ዘዴ አበጁ፦ የሙስሊሙን ድምፅ በፍርሃት ይዘው ሙስሊም ዕጩ መቀነስ። ለምርጫ ታክቲክ ብልህ ነው፤ ለውክልና ግን መርዝ ነው።

ሁለት የሕግ ነጥቦች ያባብሱታል። አንደኛው የምርጫ ሕጉ አንቀጽ 123(3) በሃይማኖት ስም ድምፅ መጠየቅን ይከለክላል፤ ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1995 ሂንዱትቫ (ቢጄፒ የሚከተለው የሂንዱ ብሔርተኝነት) የሕዝቡ የአኗኗር ዘይቤ ነው ስላለ፣ የአንዱ ጥሪ ሃይማኖት የሌላው ባህል ሆኖ ይቆጠራል። ሁለተኛው ከ543 መቀመጫ 84ቱ ለዳሊቶች፣ ማለትም በካስት (በውልደት በሚወሰን የማኅበረሰብ ደረጃ) ከሁሉም በታች ተደርገው ለኖሩት፣ የተጠበቁ መሆናቸው ነው። በ1950 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ የዳሊትነት ዕውቅናን በአብዛኛው ለሂንዱ ሰጠ፤ በ1956 ለሲክ፣ በ1990 ለቡድሂስት ተፈቀደ። ለሙስሊምና ለክርስቲያን አልተፈቀደም። በእነዚህ ወረዳዎች ሙስሊም መወዳደር አይችልም፤ የሳቻር ኮሚቴም ሙስሊም የሚበዛባቸው ወረዳዎች ለዳሊት እንደሚጠበቁ አሳይቶ ነበር።

የሃይማኖት ስሌት የማይሰበር ግን አይደለም። ቤተ መቅደሱ በተመረቀ በአምስተኛ ወሩ፣ አዮዲያ የምትገኝበትን የፋይዛባድ ወረዳ የተቃዋሚው ሳማጅዋዲ ፓርቲ አባል አዋዴሽ ፕራሳድ ከ54 ሺህ በላይ በሆነ የድምፅ ብልጫ ከቢጄፒ ነጠቁ። እሳቸው ዳሊት ናቸው፤ ወረዳው ደግሞ ለዳሊት የተጠበቀ አልነበረም። መንገድ ለማስፋት ሱቅና ቤት የፈረሰበት፣ ካሳ አነሰኝ ያለ ሂንዱ ድምፁን ሰጥቷቸዋል።

ወረቀት ያለውና የሌለው

በአሳም በተካሄደው የዜጎች ምዝገባ (ኤንአርሲ) ወደ 33 ሚሊዮን ሰው አመልክቶ፣ ኦገስት 31 ቀን 2019 በወጣው ዝርዝር 1,906,657 ሰው ውጭ ቀረ። የተጠየቀው ሁለት ዓይነት ማስረጃ ነው። አንዱ ቤተሰቡ ከማርች 24 ቀን 1971 እኩለ ሌሊት በፊት በአገሩ እንደነበረ የሚያሳይ፣ ለምሳሌ የ1951 ምዝገባ፣ የድሮ የመራጮች መዝገብ ወይም የመሬት ደብተር። ሁለተኛው አመልካቹን ከዚያ አያት ወይም አባት ጋር የሚያገናኝ ወረቀት። የሚበላሸው በሁለተኛው ላይ ነው። ስሙ በአንዱ መዝገብ በአንድ ሆሄ፣ በሌላው በሌላ ይጻፋል። ዕድሜው በየመዝገቡ ይለያያል። ትምህርት ቤት ያልገባች፣ በልጅነቷ ያገባች ሴት ደግሞ ከአባቷ ጋር የሚያገናኛት የቀበሌ ማስረጃ ብቻ ነው፤ እሱም በጥብቅ እየተመረመረ ይጣላል። ጎርፍ በየዓመቱ በሚያጥለቀልቀው የብራህማፑትራ ሸለቆ ወረቀት ማቆየት ራሱ ቀላል አይደለም። የማስረዳት ሸክሙ በወቅቱ ሥራ ላይ በነበረው የ1946 የውጭ አገር ሰዎች ሕግ መሠረት በሰውየው ላይ ነበር። ይግባኝ በ120 ቀን ውስጥ ማለት ይቻላል ቢባልም፣ ቀኑ የሚቆጠርበት የውድቅ መግለጫ ሳይሰጥ ዓመታት አለፉ።

ውጭ ከቀሩት መካከል ብዙ ሂንዱዎችም ነበሩ። የዲሴምበር 2019 የዜግነት ማሻሻያ ሕግ (ሲኤኤ) ትርጉም ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሕጉ ከአፍጋኒስታን፣ ከባንግላዴሽና ከፓኪስታን እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2014 ለገቡ ሂንዱ፣ ሲክ፣ ቡድሂስት፣ ጃይን፣ ፓርሲና ክርስቲያን ዜግነት በ5 ዓመት እንዲያገኙ ይፈቅዳል፤ ሙስሊም በዝርዝሩ የለም። ብቻውን ሲነበብ ስደተኛ የሚረዳ ሕግ ይመስላል። ከምዝገባው ጋር ሲነበብ ግን ወረቀት ያጣው ሂንዱ መውጫ አለው፤ ወረቀት ያጣው ሙስሊም የለውም። የአፈጻጸም ደንቡ በማርች 2024 ወጥቷል፤ አገር አቀፍ ምዝገባ ግን እስካሁን አልተደረገም። በቢሃር በ2025 የተደረገው የመራጮች መዝገብ ጥብቅ ማጣሪያ ተመሳሳይ ጥያቄ አስነሳ። ረቂቁ 6.5 ሚሊዮን ስም ጣለ። አድሃር የተባለውን የብዙኃኑን መታወቂያ እንዲቀበሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማዘዝ ነበረበት።

ሲኤኤን በመቃወም በዴልሂ ሻሂን ባግ የተቀመጡት ሴቶች ከዲሴምበር 2019 እስከ ማርች 2020 መንገድ ላይ ውለው አደሩ። በእጃቸው የያዙት የሕገ መንግሥቱን መግቢያና ባንዲራ ነበር፤ የሸሪዓ ጥያቄ አላነሱም፤ ሸንጎም አልመራቸውም። ከሻህ ባኖ ዘመን ሰልፎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ወዲያው በፌብሩዋሪ 2020 በሰሜን ምሥራቅ ዴልሂ በተነሳው ግጭት 53 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በሴራው ተጠያቂ ተብለው በዩኤፒኤ ከታሰሩት መካከል የተቃውሞው ወጣት አስተባባሪዎች ይገኙበታል።

የመስጊድ፣ የወቅፍና የትዳር ሕግ

በ1991 የወጣው የአምልኮ ስፍራዎች ሕግ ከአዮዲያ በቀር ማንኛውም ስፍራ ኦገስት 15 ቀን 1947 በነበረበት ይቆያል ይላል። ግልጽ ነበር። በሜይ 2022 ግን በቫራናሲው የግያንቫፒ መስጊድ ክርክር ላይ አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የስፍራውን ምንነት ማጣራት በሕጉ አልተከለከለም ብለው በቃል ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ አካሄዱ የታወቀ ሆነ፦ ስፍራው ይቀየር አይባልም፤ ምንነቱ ይጣራ ተብሎ ክስ ይቀርባል። ዳኛው ሌላውን ወገን ሳይሰማ ቅኝት ያዛል። ቀኚዎቹ አዩት የተባለው ነገር በወሬ ይወጣል። በሳምባል ክሱ በቀረበበት ዕለት፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2024፣ ቅኝቱ ታዞ በዚያው ቀን ተካሄደ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ሁለተኛው ቅኝት ሲደረግ በተነሳ ግጭት ቢያንስ አራት ሰው ሞተ። ዲሴምበር 12 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ ክስ እንዳይመዘገብ፣ ቅኝትም እንዳይታዘዝ አገደ።

በወቅፍ (ለእስልምና አገልግሎት ወይም ለበጎ አድራጎት በቋሚነት በተሰጠ ንብረት) አስተዳደር ላይ የቀረበው ወቀሳ መሠረት የሌለው አይደለም። መንግሥት 870 ሺህ ያህል የወቅፍ ንብረት አለ ይላል፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ገቢ ትንሽ መሆኑን የሳቻር ኮሚቴም አንስቶ ነበር። የኤፕሪል 2025 ማሻሻያ ግን በጽሑፍ ያልተሰጠ፣ በረጅም አገልግሎት ብቻ ወቅፍ የሆነን ስፍራ ለወደፊቱ ቀሪ አደረገ። የድሮ መቃብርና መስጊድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰነድ የለውም። ሙስሊም ያልሆኑ አባላትም ወደ ቦርዱ እንዲገቡ አደረገ፤ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ቦርዶች አባል ሂንዱ መሆን እንዳለበት የሚደነግጉ ሕጎች ባሉበት አገር። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ፣ ወቅፍ ሰጪው ለ5 ዓመት እስልምናን የተለማመደ ይሁን የሚለውንና ንብረቱ የመንግሥት ነው ወይ የሚለውን የአስተዳደር ሹም የመወሰን ሥልጣኑን አግዶ፣ ሙስሊም ያልሆኑትን በማዕከላዊው የወቅፍ ምክር ቤት ከ22 አባላት ከ4 እንዳይበልጡ ወሰነ።

በትዳር ሕጉ ላይ የሙስሊም ሴቶች አክቲቪስቶች ለዓመታት የታገሉት ትክክለኛ ጉዳይ ነው። በኦገስት 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ በአንድ ጊዜ ሦስት ጠላቅ መስጠትን፣ ማለትም ባል «ፈትቼሻለሁ» የሚለውን ቃል ሦስቴ ብሎ ወዲያው መፍታቱን፣ ሻረ። በ2019 ፓርላማው እስከ 3 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አደረገው። ጠላቁ ዋጋ ከሌለው ትዳሩ እንዳለ ነው፤ ያን ጊዜ ባሏ ሲታሰር ቀለቧን ማን ይከፍላል? ሚስቱን ጥሎ የሚሄድ የሌላ ሃይማኖት ባል በዚህ ዓይነት አይታሰርም። በጃንዋሪ 2025 ሥራ የጀመረው የኡታራካንድ አንድ ወጥ ሕግም ከአንድ በላይ ማግባትን መከልከሉና ሴት ልጅን በውርስ ማስተካከሉ መልካም ነው፤ ግን ዕውቅና ያላቸውን ነባር ጎሳዎች ከሕጉ ያወጣል። በማዕከላዊው የግብር ሕግ ደግሞ የሂንዱ ያልተከፋፈለ ቤተሰብ እስካሁን ራሱን ችሎ ግብር የሚከፍል፣ ጥቅም ያለው አካል ነው። አንድ ወጥ የተባለው ሕግ ማንን ብቻ እንደሚያስተካክል ከዚህ ይታያል።

የሙስሊሙ ፖለቲካ ከውስጥም እየተለወጠ ነው። ፓስማንዳ በሚባለው እንቅስቃሴ የተሰባሰቡት ዝቅተኛ ካስት ሙስሊሞች፣ ሸማኔው፣ ሥጋ ሻጩና ጽዳት ሠራተኛው፣ ከውጭ መጣን የሚሉ አሽራፍ ቤተሰቦች ቦርዱንም ፓርላማውንም በስማችን ያዙት ይላሉ። ቢጄፒም ይህን መሰንጠቅ አይቶ ሊያቀርባቸው ሞክሯል፤ ዕጩ ሲያቆም ግን አይታዩም። በቢሃር በ2023 የወጣው የካስት ቆጠራ የሙስሊም ካስቶችንም ለየብቻ ቆጥሯል። የዳሊት ሙስሊምና ክርስቲያን ጥያቄ ከ2004 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተንጠልጥሎ ነው፤ መንግሥት በኦክቶበር 2022 በቀድሞው ዋና ዳኛ ኬ ጂ ባላክሪሽናን የሚመራ ኮሚሽን ሰይሟል። የ1950ው ትዕዛዝ ከተሻሻለ ሙስሊም ዳሊት በ84ቱ ወረዳዎች መወዳደር ይችላል። ያን ጊዜ በአንድ ጊዜ ለሁለት ወገን ተፎካካሪ ይሆናል፤ በሙስሊሙ ስም ለለመደው ሸንጎ፣ እንዲሁም ይህን ድርሻ ማካፈል ለማይሹት የሂንዱ ዳሊት መሪዎች።